ሞተር በመኪኖች መሃል፦ «ጨርሶ ይከልከል» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። መጀመሪያ ታናሽ ወንድሜ ላከልኝ፤ «ስለ አንተ ተጽፏል» ብሎ እየሳቀ። ቀጥሎ አንድ የሥራ ባልደረባዬ። ሦስተኛዋ እናቴ ናት። እናቴ ስትልከው ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ዝም ካልኩ እንዳመንኩ ይቆጠርብኛል።

ጽሑፉ የሚያወራው መንገድ ሲጨናነቅ በሁለት የመኪና ረድፎች መሃል እየሾለኩ ስለሚያልፉ ሞተረኞች ነው። ጸሐፊው መኪና አሽከርካሪ ናቸው፤ ያውም በጣም የተናደዱ። ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። ድርጊቱ በሠለጠነ አገር ሁሉ የተከለከለ ነው። ራስን ከማጥፋት አይለይም። ሞተረኛው እንደ መኪና ተሰልፎ ቢቆም ለራሱም ይሻለዋል። ሰልፍ መጣስ ነውር ነው፤ ከሞተረኛው በቀር የሚጠቀምበትም የለም። ግጭት ቢፈጠር ጥፋቱ ምንጊዜም የሞተረኛው መሆን አለበት። በፍጥነት ገደብ ይፈቀድ ቢባል ገደቡን የሚያከብር ስለማይኖር ጨርሶ ይከልከል። መጨረሻ ላይ ስለ ተሰበረ ስፖኪዮና ስለ ሞተር ጩኸት ጨምረዋል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ሞተር መንዳት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። መኪናም እነዳለሁ። ስለዚህ የተናደዱበትን ነገር አውቀዋለሁ። እኔም መሪ ይዤ ተቀምጬ አንድ ሞተር ሳላስበው በጆሮዬ ሥር ሽው ሲል ልቤ ዘሏል። የጽሑፉ ችግር ሌላ ነው። ሁለት የተለያዩ ድርጊቶችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይደበድባል። መኪኖች ቆመው ሳለ፣ ሰው በሚሮጥበት ፍጥነት በመሃላቸው ወደ ፊት መሄድ አንድ ነገር ነው። መኪኖች በ80 እየሄዱ በ120 መሃላቸውን መሰንጠቅ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የመጀመሪያውን «ፊልተሪንግ»፣ ሁለተኛውን «ስፕሊቲንግ» ሲሉ ይሰማል። እኔ ደግሞ ለዚህ ጽሑፍ ያህል አንዱን «መሹለክ»፣ ሌላውን «መሰንጠቅ» ልበላቸው። ጸሐፊው ስለ መሰንጠቅ የሚሉት አብዛኛው ትክክል ነው። መሹለክን ግን በማያውቀው ወንጀል ከሰሱት።

«በሠለጠነ አገር ሁሉ የተከለከለ ነው»

አይደለም። ይህን ለማወቅ ብዙ መቆፈርም አያስፈልግም።

በካሊፎርኒያ እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እዚያ ሕጉ ለረጅም ጊዜ አልፈቀደም፣ አልከለከለምም። ዝም ብሎ ነበር። ሞተረኛው ይሾልካል፣ ፖሊስም እያየ ያልፈዋል። በ2013 የግዛቲቱ የአውራ ጎዳና ፖሊስ አንድ ምክር አወጣ፦ ከትራፊኩ ፍጥነት በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ አትብለጡ፤ ትራፊኩ ከ48 በላይ መሄድ ከጀመረ ደግሞ ተዉት። በሚቀጥለው ዓመት ግን ምክሩን አነሣው። ፖሊስ ሕግ አስከባሪ እንጂ ሕግ አውጪ አይደለም የሚል ቅሬታ መጥቶበት ነው። ከዚያ ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸው ገቡበት። ድርጊቱን ሕጋዊ የሚያደርገው ሕግ በ2016 ተፈረመ፤ ከ2017 መግቢያ ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ።

ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ዩታ በ2019 ተከተለች። ያደረገችውን ልብ ይበሉልኝ። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ቢያንስ ሁለት ረድፍ ይኑረው። የመንገዱ የፍጥነት ገደብ ከ72 ኪሎ ሜትር አይለፍ። መኪኖቹ ቆመው ይሁኑ። ሞተሩም ከ24 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይብለጥ። ይህ እንግዲህ ብስክሌት የሚሄድበት ፍጥነት ነው። ሞንታና በ2021፣ አሪዞና በ2022፣ ኮሎራዶ በ2024፣ ሚኒሶታ በ2025 እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ገደብ ፈቀዱ። በአውስትራሊያ ደግሞ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከ2014 ጀምሮ ከ30 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ትፈቅዳለች። እሱም ሙሉ መንጃ ፈቃድ ላለው ብቻ ነው፤ ለማጅ አይችልም፤ በትምህርት ቤት ሰዓት በትምህርት ቤት አካባቢም ክልክል ነው። ቤልጂየም ከ2011 ጀምሮ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ትፈቅዳለች፤ ከመኪኖቹ ፍጥነት ከ20 በላይ እስካልበለጠ ድረስ። ብሪታንያ ውስጥ የሚከለክል ሕግ የለም። እንዲያውም የአሽከርካሪዎች መመሪያ መጽሐፋቸው በመኪኖች መሃል እየሾለከ የሚመጣ ሞተር ለዓይን አስቸጋሪ ስለሆነ ተጠንቀቁ እያለ መኪና ነጂውን ይመክራል።

ጸሐፊው ጀርመንን ቢጠሩ ኖሮ እውነት ነበራቸው። አብዛኞቹን የአሜሪካ ግዛቶች ቢጠሩም እንዲሁ። እዚያ ክልክል ነው። «ሁሉ» የምትለዋ ቃል ናት ያጠፋቻቸው። በነገራችን ላይ ሕጉ በማይፈቅድበት ቦታ ሹለኩ እያልኩ አይደለም። ሞተረኛ የሚነዳበትን ቦታ ሕግ የማወቅ ግዴታ አለበት፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው ካሊፎርኒያን ቢጠቅስ አያድነውም።

«ራስን ማጥፋት ነው»

ይህ የጽሑፉ ልብ ነው። ማስረጃ ግን አልቀረበበትም። ማንም ያየ ሰው ያውቀዋል ብለው አልፈውታል። እኔም አይቻለሁ፤ ስለዚህ ዓይኔን ማመኔን ትቼ ቁጥር ፍለጋ ሄድኩ።

በርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ያወጣው ጥናት አለ። በካሊፎርኒያ ግጭት የደረሰባቸውን 5,969 ሞተረኞች መዝገብ ነው ያየው። ከእነዚህ ውስጥ 997ቱ ግጭቱ ሲደርስ በረድፎች መሃል ነበሩ። ታዲያ የትኞቹ የባሰ ተጎዱ? የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸው ከሾለኩት ውስጥ 9 በመቶ፣ ከሌሎቹ 17 በመቶ ናቸው። ደረትና ሆድ አካባቢ የተጎዱት 19 በመቶ ለ29። የሞቱት 1.2 በመቶ ለ3። ጥናቱ አንድ ድንበርም አግኝቷል። ትራፊኩ ከ80 ኪሎ ሜትር በታች ሲሄድና ሞተሩ ከትራፊኩ ከ24 ኪሎ ሜትር በላይ ሳይበልጥ ጉዳቱ ቀለል ይላል። ልዩነቱ ከዚያ ሲያልፍ ጉዳቱ መክበድ ይጀምራል።

እዚህ ላይ አቁሜ «ይኸው!» ብል ደስ ባለኝ። ግን ሐቀኝነት አይሆንም። ጥናቱ የሚያወራው ስለተጋጩ ሰዎች ነው። የሚሾልክ ሞተረኛ ከማይሾልከው ይልቅ የመጋጨት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ አይነግረንም። ደግሞም እነዚያ 997 ሰዎች በብዛት በሥራ ቀን፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚነዱ፣ የተሻለ ሄልሜት የሚያደርጉ፣ መጠጥ ያልቀመሱ ነበሩ። የተረፉት ስለሾለኩ ይሁን ስለተጠነቀቁ መለየት ይከብዳል። ሌላም አለ። የሾለኩት ከፊታቸው ያለውን መኪና ከኋላ የመግጨት ድርሻቸው 38 በመቶ ሲሆን የሌሎቹ 16 በመቶ ያህል ነው። ያ የእኛ ጥፋት ነው።

ፈረንሳይ ያየችውን ደግሞ እኔ ራሴ ላንሣው፤ ጸሐፊው ቢያውቁት ኖሮ ጥሩ ጥይት በሆናቸው። ፈረንሳይ ከ2016 እስከ 2021 መጀመሪያ ድረስ በ11 አውራጃዎቿ ለሙከራ ፈቀደች። ጣሪያው 50 ኪሎ ሜትር ነበር። ውጤቱ ሲመዘን በተፈቀደባቸው መንገዶች ላይ የሞተረኞች አደጋ 12 በመቶ ጨምሮ ተገኘ፤ በሌሎቹ መንገዶች ግን ቀንሶ ነበር። ደስ የሚል ዜና አይደለም። ፈረንሳዮቹ ግን ጨርሶ አልከለከሉትም። ሌላ ሙከራ አደረጉ፣ በ2025 መጀመሪያም በሕጋቸው አስገቡት። አሁን ባለው ሕግ በጎን ያሉት መኪኖች ከቆሙ ሞተሩ ከ30 ማለፍ አይችልም። እኔ እንደሚመስለኝ ቁልፉ እዚያ ነው። በቆሙ መኪኖች መሃል በ50 የሚሄድ ሰው እየሾለከ ሳይሆን እየሰነጠቀ ነው።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ገደማ ያልፋል እንበል። ከመኪኖቹ በ20 ኪሎ ሜትር የምትበልጥ ከሆነ በዚያች ሴኮንድ ከአንድ መኪና ቁመት ብዙም አታልፍም፤ አምስት ሜትር ተኩል ነው። በ60 የምትበልጥ ከሆነ ወደ አሥራ ሰባት ሜትር ትጠጋለህ። ፍሬን ሳትነካ ሦስት መኪና ያህል አልፈሃል ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ፍሬቻ ሳያሳይ መሪውን ቢያዞር ምንም ማድረግ አትችልም። የፊዚክስ ሕግ ጉቦ አይቀበልም።

ለዚህ ነው እኔ ራሴ የማልነካቸው ቦታዎች ያሉኝ። በሁለት ከባድ መኪኖች ወይም አውቶብሶች መሃል አልገባም፤ ያኛው ነጂ ከላይ ሆኖ ሊያየኝ አይችልም። መገንጠያ አጠገብ አልሾልክም፤ የሚወጣበትን ቦታ በድንገት ያስታወሰ ሰው አይጠፋም። ዝናብ ሲዘንብ የመንገዱን ነጭ ቀለም ላይ አልወጣም፤ ሳሙና ነው። ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን አንዱ ረድፍ ቆሞ ሌላው ሲንቀሳቀስ ነው። አዲስ ሞተረኛ ይህን አያውቅም፤ ሁለቱም ሲቆሙ የባሰ ይመስለዋል። ሁለቱም ከቆሙ ማንም ወዴትም አይሄድም። አንዱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን በቆመው ረድፍ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑ ወደዚያ ይሄዳል። «ያኛው ይሻላል» ይላል። ክፍተት ባየ ቅጽበት ይዘላል፤ ስፖኪዮ የሚያየው ከዘለለ በኋላ ነው። እኔም መኪና ስይዝ እንደዚሁ ነኝ፣ አልዋሽም።

«ተሰልፎ ቢቆም ይሻለዋል»

ጸሐፊው ይህን የጻፉት በቅንነት ይመስለኛል። ለእኛ አስበው ነው። ግን ሰልፍ መጨረሻ ላይ በሞተር ቆመው አያውቁም።

መኪና ከኋላ ሲገጭ ፓራውልት አለ፣ የኋላ ኮፈን አለ፣ መቀመጫ አለ፣ ቀበቶ አለ። የሚታጠፈው ብረት ነው። ሞተር ላይ የሚታጠፈው ነጂው ነው። ከፊት የቆመ መኪና፣ ከኋላ ስልኩን እያየ የሚመጣ መኪና፣ መሃል ላይ አንተ። ከኋላ ያለችህ መብራት ደግሞ አንዲት ትንሽ ቀይ ናት። በመኪኖች የኋላ መብራት መሃል ብዙ ጊዜ ትጠፋለች።

አንድ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ያን ቀን ደክሞኝ ስለነበር አልሾልክም ብዬ ልክ ጸሐፊው እንደሚመክሩት ከአንድ ሚኒባስ ኋላ ተሰልፌ ቆምኩ። ልማድ ሆኖብኝ ግን ወደ ረድፉ ጥግ ተጠግቼ፣ ማርሹን አንደኛ ላይ እንዳደረግኩ፣ ስፖኪዮዬን እያየሁ ነበር። ከኋላ አንድ መብራት እየቀረበ መጣ። አልቀነሰም። ጎማ ሲጮኽ ሰማሁ። ፍሪሲዮኑን ለቅቄ በሁለቱ ረድፎች መሃል ገባሁ። መኪናው እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ ደርሶ ሚኒባሱን ገጨው። ሰው አልተጎዳም፤ የተሰባበረው ብረት ብቻ ነው። ነጂው ወርዶ መጀመሪያ የተናገረው «ሞተሩን አላየሁትም» ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲያ መሃሉን እንደ ማምለጫ በር ነው የማየው።

በአንድ ገጠመኝ ሕግ አይወጣም፤ አውቃለሁ። የበርክሌዩ ጥናት ግን ይህንንም ቆጥሮታል። ከኋላ በሌላ ተሽከርካሪ የተገጩት ከሾለኩት ውስጥ 2.6 በመቶ፣ ከሌሎቹ 4.6 በመቶ ናቸው።

ሌላውን ባጭሩ ልለፈው። ብዙ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በነፋስ ነው፤ ቆመው በቆዩ ቁጥር ይግላሉ። የነጂውም ግራ እጅ ፍሪሲዮን እየያዘ እየለቀቀ ይዝላል። በእርምጃ ፍጥነት ሞተርን ሚዛን መጠበቅ በ30 ከመሄድ ይከብዳል። መኪና ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ ከፍቶ ለተቀመጠ ሰው ይህ ሁሉ ሰበብ ሊመስለው ይችላል።

«ሰልፍ መጣስ ነው፣ ከሞተረኛው በቀር የሚጠቀም የለም»

ባንክ ቤት ሰልፍ የሚጥስ ሰው የአንተን ተራ ይወስዳል። አንድ ሰው ከፊትህ ገባ ማለት አንተ አንድ ሰው ወደ ኋላ ሄድክ ማለት ነው። መንገድ ላይ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። የሚሾልከው ሞተር የሚሄድበት ቦታ አንተ ልትጠቀምበት የማትችለው ቦታ ነው። የረድፉ ስፋት ሦስት ሜትር ተኩል ይሁን፤ መኪናው ስፖኪዮውን ጨምሮ ሁለት ሜትር ገደማ። በሁለት መኪኖች መሃል ሜትር ተኩል ያህል ክፍት ይቀራል። መኪና አይገባበትም። ሞተር ይገባበታል።

ይልቅ የሚገባው ጥያቄ ሞተሩ ባይሾልክ የት ይቆም ነበር የሚለው ነው። ከፊትዎ ነው የሚቆመው። የአንድ ሙሉ መኪና ቦታ ይዞ። ሰልፉም በዚያው ልክ ይረዝማል።

ቤልጂየም ውስጥ በ2011 ይህንኑ ያሰሉ ተመራማሪዎች አሉ። ከሉቨን ወደ ብራስልስ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ወስደው፣ ከመኪና ነጂዎቹ 10 በመቶ የሚሆኑት ወደ ሞተር ቢዛወሩ ምን ይሆናል ብለው በኮምፒውተር ሞዴል ሠሩት። በመጨናነቅ የሚጠፋው ጊዜ 63 በመቶ ይቀንሳል የሚል መልስ ነው ያገኙት። የሁሉም ሰው ጊዜ ነው፤ መኪና ውስጥ የቀሩትን ጨምሮ። ሩብ ያህሉ ቢዛወሩ ደግሞ መጨናነቁ ከነጭራሹ ይጠፋል። ይህ ስሌት እንጂ መንገድ ላይ የታየ አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ቃል ኪዳን አልያዝኩትም። ግን ሰው መኪናውን ትቶ ሞተር የሚይዝበት ዋናው ምክንያት ሰልፉን ማለፍ መቻሉ ነው። እሱን ከከለከሉት ተመልሶ መኪናውን ያወጣል። ከፊትዎ ይሰለፋል፤ በሕጋዊ መንገድ።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ። መብራት ላይ ደርሶ ከመጀመሪያው መኪና ፊት በጎን ተደፍቶ፣ የእግረኛ ማቋረጫውን ዘግቶ የሚቆም ሞተረኛ አለ። አረንጓዴ ሲበራ ደግሞ ስልኩን ኪሱ ሲከት ያዘገያል። እሱን የሚከላከል ቃል ከእኔ አይወጣም። ለዚህም ቢሆን መፍትሔ ያበጁለት አሉ። ታይዋን ውስጥ ከመኪኖች ፊት ለሞተር ብቻ መቆሚያ የሚሆን ሳጥን መንገዱ ላይ በቀለም ተሠርቷል። ባርሴሎናና ማድሪድም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ሞተሮቹ ሾልከው እዚያ ይሰበሰባሉ፤ መብራት ሲበራ ቀድመው ይሄዳሉ፤ መኪናው ይከተላል።

«ጥፋቱ ምንጊዜም የሞተረኛው ነው»

ይህን ሐሳብ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ለብዙ ዓመት ሲያገላብጡት ኖረዋል። በ1966 የታየ አንድ ጉዳይ አለ። ሞተረኛው የቆሙ መኪኖችን ሰልፍ እያለፈ ነበር። አንድ መኪና ከጎን መንገድ በሰልፉ ክፍተት ውስጥ ወጣና ተጋጩ። ክፍተቱን የለቀቀለት ወተት የሚያመላልስ ከባድ መኪና ነበር፤ የዚያ ነጂ በምልክት «ና ውጣ» ብሎታል። ፍርድ ቤቱ 80 በመቶውን ጥፋት በሞተረኛው ላይ አደረገ። ጸሐፊው ይህን ቢያነቡ ያጨበጭቡ ነበር።

በ2006 ግን ሌላ ጉዳይ መጣ። እዚህም ሞተረኛው ሰልፉን እያለፈ ነው። ከሰልፉ ውስጥ አንድ መኪና ወጥቶ ወደ ኋላ ለመመለስ ዞረበት። በዚህኛው ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የመኪናው ሆነ። የሞተረኛው ድርሻ ዜሮ።

ሕጉ ተገለበጠ ማለት አይደለም። ዳኞቹ የጠየቁት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ማን ምን ማየት ይችል ነበር፣ ማንስ ምን አደረገ? ሰልፍ ውስጥ ክፍተት ሲያይ ፍጥነቱን ያልቀነሰ ሞተረኛ ዋጋውን ይከፍላል። ስፖኪዮ ሳያይ መሪ የሚያዞር መኪና ነጂም እንዲሁ። «ምንጊዜም» ብሎ መፍረድ መኪና ነጂውን ከማየት ግዴታ ነፃ ማውጣት ነው። ወደ ጎን ስትዞር ማየት ደግሞ ለሞተረኛ የምትውልለት ውለታ አይደለም፤ መንጃ ፈቃድ ሲሰጥህ የገባኸው ግዴታ ነው።

«ገደቡን የሚያከብር ስለሌለ ይከልከል»

ይህን ነጥብ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ያልገባኝ ነገር ያለ መስሎኝ። የ30 ገደብን የማያከብር ሰው ክልከላውን ለምን ያከብራል? በጠባቡ በር አልገባም ያለ ሰው በሩ ሲዘጋ ተመልሶ ቤቱ አይሄድም፤ በአጥር ነው የሚዘለው።

ብራዚል ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1997 የትራፊክ ሕጓን ስታወጣ ሞተር በመኪኖች መሃል እንዳይሄድ የሚከለክል አንቀጽ ረቂቁ ላይ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ፌርናንዶ ኤንሪኬ ካርዶዞ ያንን አንቀጽ ሰረዙት። የሞተር ጥቅሙ ቅልጥፍናው ነው፣ ያንን ከወሰድንበት ምን ቀረው የሚል ነበር ምክንያቱ። ሞተረኞቹም መሃሉን ያዙት። በፍጥነትም በብዛትም። አደጋውም ቀላል አልነበረም። ከሃያ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጥር 2022፣ ሳኦ ፓውሎ ሌላ ነገር ሞከረች። አንድ ትልቅ ጎዳና ላይ በመኪና ረድፎች መሃል በሰማያዊ መስመር የታጠረ የሞተር መሄጃ ቀባች። መኪና ነጂው ሞተር በየት እንደሚመጣ ያውቃል። ሞተረኛውም የት መሆን እንዳለበት ያውቃል። ሁለቱም የሚያዩት መስመር አለ። ዚግዛግ አያስፈልግም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ክልከላ ባለበት ቦታ ሁሉም ይሾልካል፣ የሚያስተምር ግን የለም። የተከለከለ ነገር እንዴት በጥንቃቄ እንደሚሠራ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አይኖርማ። እኔ ሞተር ስማር ስለ መሹለክ አንድ ቃል አልተነገረኝም። ፈተናውን አልፌ በወጣሁበት ሳምንት ግን ሌላ አማራጭ ያለ አልመሰለኝም። የተማርኩት በመፍራት ነው፤ አንድ ሁለት ጊዜም በመውደቅ። ኒው ሳውዝ ዌልስ ለማጅን ለይታ ማስቀረት የቻለችው መጀመሪያ ስለፈቀደች ነው። ያልፈቀዱትን ነገር በየደረጃው ከፋፍሎ መገደብ አይቻልም።

ስለ ስፖኪዮና ስለ ጩኸት

ስፖኪዮ ሰብሮ የሚሸሽ ሞተረኛ አለ። ነውረኛ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እኔም በሦስተኛው ዓመቴ የአንድ ሰው ስፖኪዮ አጥፌያለሁ። በማይገባኝ ክፍተት ልግባ ብዬ ነው፤ መሪዬ ነካው። አቆምኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ። ሰውየው ስፖኪዮውን በእጁ መልሶ አስተካከለና «ልጄ፣ ትንሽ ብትታገሥ ምን ነበረበት?» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን መሪዬ ያለ ሐሳብ የማያልፍበት ክፍተት ካጋጠመኝ ከኋላ እቆማለሁ። ከፊት ያለው ሰው አይቶኝ ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን ፈቀቅ ካለልኝ እግሬን ዘርግቼ አመሰግነዋለሁ። (መኪና ነጂዎች፣ እግር ስንዘረጋ ልንራገጥ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። እጃችን ስለተያዘ ነው።)

በጩኸቱ ግን መልስ የለኝም። ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ጭስ ማውጫቸውን አስቀይረው «ድምፃችን ከሩቅ ስለሚሰማ ያድነናል» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ድምፁ የሚወጣው ወደ ኋላ፣ መኪናው ያለው ከፊት። ይህን ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። የማይሰሙኝ ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም።